ጫማውን ያወለቀው ሰውዬ

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ሦስተኛው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ዛሬም አንሶላውን ውጦ አልከፈት አለ። በእግሬ መታሁት፤ ተከፈተ። እርጥብ አንሶላ ደግሞ ይከብዳል… ወገቤ የሰው ወገብ መሆኑን ከተወ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ የአንዲት አዲስ ገቢ አሮጊት ልብስ መጣ። ሠላሳ አንድ ፍሬ። በእያንዳንዱ ላይ ስማቸውን ለጠፍኩ፤ ካልሲ ሳይቀር። እዚህ የአዛውንቶች ቤት ስሙ ያልተለጠፈበት ልብስ ከታጠበ በኋላ ባለቤቱን አያገኝም።

ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊት ይልጣል። ልጄ ያኔት በዚህ ብርድ ሮጣ መጣች። በሳምንት አራት ቀን! ምን ነክቷት ነው? ስጠይቃት "ለቴስት ነው፣ ማማን" ብላኝ ሻወር ቤት ገባች። የምን ቴስት? ኢንሹራንስ ቤት ወረቀት ለማገላበጥ ሩጫ ምን ያደርጋል? ወንድ ይሆናል። ወንድ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሃያ አምስት ሞላት እኮ።

ዓርብ፣ ጥር 23

ወንድ አይደለም። ፖሊስ ነው።

ምስር ወጥ እያማሰልኩ ነው የነገረችኝ። "ማማን፣ እኔ ለፖሊስ ትምህርት ቤት ዶሲዬ አስገባሁ።" ማመልከቻ ማለቷ ነው። ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ለቀቅኩት።

ሁለት ዓመት ትምህርት አለው አለችኝ። ከዚያ በፊት ሩጫ፣ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ፣ የሥነ ልቦና ፈተና፣ መጨረሻ ላይ ቃለ መጠይቅ። ከመቶ ሰው ጥቂት ነው የሚያልፈው። "ስለ ቤተሰብም ያጣራሉ" አለች፣ የአየር ጠባይ እንደምታወራ።

ስለ ቤተሰብ…

ለምን ፖሊስ? አልኳት። ትዝ ይልሻል? አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ሳለ ወደ ሰፈራችን ወደ ኦኔ በሚመጣው ትራም ውስጥ ቦርሳዬ ተሰረቀ። ሴት ፖሊስ መጣች። ፈረንሳይኛው ጠፋብኝ። ያኔት አስተረጎመች። "አንቺ ትንቀጠቀጭ ነበር። ፖሊሷ ቁጭ ብላ እኔን ፊት ለፊት አየችኝ፣ ሜርሲ አለችኝ።" ልጄ ይህን አሥራ ሰባት ዓመት ይዛ ኖራለች። እኔ የማስታውሰው የሴትዮዋን ቦቲ ብቻ ነው።

እምቢ፣ አይሆንም አልኳት። ለምን ስትለኝ ወደ ድስቱ ዞርኩ። ምክንያት አጥቼ አይደለም… አፌ ላይ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 25

ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ ወሬው ሁሉ የያኔት ሆነ። ልጅቷ ራሷ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ለማራኪ ነግራታለች። ለማራኪ መንገር ማለት በማይክ መናገር ነው።

ሁሉም አስተያየት አለው። አንዱ ትግባ፣ ባቡር ውስጥ ወረቀት ሲጠይቁን በአማርኛ ትጠይቀን አለ። ሌላዋ ጥቁር ፖሊስ ከነጩ ይብሳል፣ ለነጮቹ ለማሳየት ሲል አለች። አንድ ሽማግሌ በኛ ጊዜ ፖሊስ የሚሆነው ትምህርት እምቢ ያለው ነበር፣ እዚህ ግን መርጠው ነው የሚወስዱት፣ ሲያጠፋም ይጠይቁታል አሉ። መጠየቁን ማን አየ? ብለው ተጯጯሁባቸው።

ማራኪ ታዲያ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ "አያቷ መምህር ነበሩ አይደል? ሰው ማረም በደሟ ነው" አለች።

ሻዩ ትን አለኝ። ጀርባዬን መቱልኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬ ደወሉልኝ።

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ስልክ ጮኸ። አንዲት ጉንፋን የያዛት ሴትዮ። "ማዳም አስፋ? ስለ ፖሊስ ለአንኬት ነው የደወልኩት።"

አንኬት! ምርመራ! ጀመሩ አልኩ በሆዴ። ዶሲዬዋን ካስገባች ገና ወር አልሞላትም፤ ጀመሩ።

ሴትዮዋ እያሳለች ትጠይቃለች። ፖሊስን ከዜሮ እስከ አሥር ምን ያህል ያምናሉ? አሥር። አመላመላቸው ጥሩ ነው? አሥር። ሁለት ዓመት ሥልጠና ይበቃል? በጣም ይበቃል። የውጭ አገር ሰዎች ልጆችም ቢቀጠሩ ይስማማሉ? አሥር… ፖሊስ ሲያጠፋ በደንብ የሚቀጣ ይመስልዎታል? አያጠፋም፣ አልኳት። አሳለች። ልጅዎ ፖሊስ ብትገባ ምን ይሰማዎታል? ደስታ!

መጨረሻ ላይ ከቤተሰብዎ ፖሊስ የሆነ ሰው አለ? አለችኝ።

"የለም። ማንም የለም። ኖሮም አያውቅም።"

አመሰገነችኝ። ሐሳብዎ ተለውጦ እንደሆነ ለማየት ከሦስት ወር በኋላ መልሰን እንደውላለን አለች። ሐሳቤ ተለውጦ እንደሆነ! ይህ ምን ማለት ነው? ያዙኝ ማለት ነው? ቃሌን እንደ ድሮው፣ ጥገኝነት ስጠይቅ እንዳደረጉት፣ ሁለት ጊዜ ሊቀበሉኝ ነው?

በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ያኔት ሳቀችብኝ። ሶፋው ላይ ተንከባልላ ሳቀች። የሕዝብ አስተያየት መጠየቂያ ነው አለች፣ ሶንዳዥ። ሺህ ሰው ላይ ይደውላሉ፣ መልሱ ላይ ስም አይጻፍም፣ ማንም አያውቅሽም። ፈረንሳይኛው ለሁለቱም አንኬት ይላል፤ ለአስተያየቱም፣ ለወንጀሉም። ቃል አለቀባቸው እንዴ እነዚህ ሰዎች?

"እና ማማን፣ ሁሉንም አሥር አልሽ?" አሁንም ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ሌላ ጊዜ አንኬት ሲሉሽ አትፍሪ። የምታስቢውን ነገር ንገሪያቸው። አንቺ አሥር አታስቢም።"

አላስብም። እውነቷን ነው። ስድሳ ዓመቴ ነው፤ ለማታየኝ፣ ስሜን ለማትጽፍ ሴትዮ ፈርቼ ዋሸሁ። አፈርኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 10

አባቴ ሃምሳ አለቃ አስፋ፣ ፖሊስ ነበር።

ይኸው ጻፍኩት። በወረቀት ላይ የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አያነበውም…

እንዴት እንደተቀጠረ እየሳቀ ይተርክልን ነበር። ተሰለፉ ተባሉ። ቁመቱ ተለካ፣ ጥርሱ ታየ፣ የጫማው ቁጥር ተጻፈ። ሦስት ወር ሰልፍ። ያ ነው ትምህርቱ። ቦቲውን የምጠርግለት እኔ ነበርኩ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ያ የመከራ ዘመን ሲመጣ፣ ምሳውን ጣቢያው ድረስ የማደርሰው እኔ ነኝ። ጓሮው በር ላይ ቆሜ "አባባ፣ ምሳ" እላለሁ፤ ይወጣል፤ ይቀበለኛል። አንድ ቀን ሲወጣ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ከውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም። ጩኸት ቢሆን ይሻል ነበር። ጮኾ ጮኾ ያለቀበት ሰው ድምፅ ነው።

አባባ በሩን በተረከዙ ዘጋው። "ምንም አልሰማሽም" አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ ለስለስ ብሎ ነው። እሺ አባባ አልኩት።

እዚህ አገር የገባሁ ጊዜ የአባትሽ ሥራ? አሉኝ። አስተርጓሚው ሀበሻ ነው፤ ያየኛል። የገራፊ ልጅ ናት ብሎ የሚያወራብኝ መሰለኝ። ይመልሱኛል ብዬም ፈራሁ። "መምህር" አልኩ። ዙሪክ ያለው የከተማችን ልጅ ጋሽ ቢረሳው ቃሌን አምኖ፣ አዎ መምህር ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ ብሎ ጽፎ ፈረመልኝ። በቃ፣ መምህር ሆነ። ባሌ ቸርነት፣ አባቴ መምህር እንደነበረ አምኖ ሞተ። ያኔትም ለክፍሏ ልጆች "አያቴ መምህር ነበር" እያለች አደገች።

አሁን ሊያጣሩ ነው። ወረቀቴ ላይ መምህር ይላል።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ሩጫውን አለፈች። ጽሑፉንም፣ የሥነ ልቦናውንም። የቀረው ቃለ መጠይቁ ነው። ሽንብራ ዱቄት ፈልጋ ሽሮ ሠራችልኝ፤ አረረ፤ በላሁት።

እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ ልጄ ትውደቅልኝ ብዬ ለማርያም ስለት ተስያለሁ። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

በተርታ ልጻፈው። ካልጻፍኩት እብድ እሆናለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የበሩ ደወል ተደወለ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰውዬ፤ ሹራብ፣ የወረቀት መያዣ፣ ደግ ፊት። "ማዳም አስፋ? ለአንኬቱ ነው የመጣሁት። ስለ ፖሊስ።" መታወቂያ አሳየኝ። መነጽሬ ሥራ ቦታ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። አየሁ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ደግሞ መጡ አልኩ በሆዴ፤ ስልኩ አልበቃ ብሏቸው ቤት ለቤት ይዞራሉ። አልፈራሁም። እንዲያውም… ደስ አለኝ። ያን ሁሉ አሥር ላርመው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማችንን አየ፤ ጎንበስ አለ፤ ማሰሪያውን ፈትቶ ጫማውን አወለቀ። ሳልጠይቀው! ግራጫ ካልሲ፤ አውራ ጣቱ ጋ ሳስቷል። በካልሲ ገብቶ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠ። በዕድሜዬ ጫማውን አውልቆ ሰው ቤት የገባ ፖሊስ አላየሁም። ፖሊስ በቦቲው ነው የሚገባው። ስለዚህ ፖሊስ አይደለም። ይኸው ነው ያሰብኩት፤ ሞኝ!

ሻይ አፈላሁለት። ልጅዎ ፖሊስ ብትገባ ምን ይሰማዎታል አለኝ። ያው ጥያቄ ነው፣ ያች የምታስለው ሴትዮ የጠየቀችኝ። እፈራለሁ፣ አልኩት። ዩኒፎርሙን ለብሳ ያየኋት ቀን የምሞት ይመስለኛል። ለምን? አለ። ከቤተሰብ ፖሊስ የነበረ ሰው አለ?

አፌን ከፈትኩ። አልዘጋሁትም። ጥርሱ ታይቶ እንደተቀጠረ፣ ሦስት ወሩን፣ ምሳውን፣ በሩን፣ "ምንም አልሰማሽም" ያለኝን… ወረቀቴ ላይ መምህር እንደሚል ሳይቀር! ዘረገፍኩት። አርባ ስምንት ዓመት የቋጠርኩትን። አለቀስኩም። ሰውዬው መጻፉን አቁሞ አዳመጠኝ። ከዚያ መልሶ ጻፈ።

በሩ ጋ ጫማውን እያሰረ "ለማድሞዋዜል ያኔት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቃለ መጠይቁ እናያታለን" አለ።

ስሟን አልነገርኩትም።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኛል። የያኔትን የማጉያ መነጽር ፈልጌ አነበብኩት። ኢንስፔክተር… የምልመላ ክፍል።

ብትገባ አላለም እኮ። አሁን ነው ጆሮዬ የሚመልስልኝ። ስትገባ ነው ያለው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። ያኔት ለምን እንደማልበላ ትጠይቀኛለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

እንድትወድቅ ተሳልኩ፤ ይኸው ልትወድቅልኝ ነው። በእኔ ምላስ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንጀቴ ነው የተቆረጠው።

ቃለ መጠይቁ ላይ አያትሽ ምን ነበሩ ቢሏትስ? መምህር ትላለች። ሌላ የምታውቀው የለም። እነሱ ደግሞ ወረቀታቸውን ያያሉ። ውሸታም! እናቷ ውሸታም፣ እሷ ውሸታም። እኔን ፓስፖርቴን ይቀሙኝ ይሆናል። ጋሽ ቢረሳውንስ? የፈረመው እሱ አይደል? ሽማግሌ ሰው አስከስሼ…

የፖሊስ የሚመስል ሰማያዊ መኪና በመስኮት ሥር ባለፈ ቁጥር መጋረጃ ጀርባ ነኝ። ነገ ዙሪክ እሄዳለሁ። እሱ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ጋሽ ቢረሳው አልትሽቴተን ባቡር ጣቢያ ቆሞ ጠበቀኝ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከስቷል። ሠላሳ ዓመት መጋዘን ውስጥ ትራም ሲያጥብ የኖረ ሰው፤ አሁንም ትራም ሲያልፍ መስታወቱ ንጹሕ መሆኑን ያያል። ላንግሽትራሰ ያለችው የሀበሻ ቤት ወሰደኝ። የጾም በያይነቱ አዘዘ። ከጎናችን ልጆች በጀርመንኛ ይጨቃጨቃሉ። ደህና ነው፤ ማንም አይሰማንም።

እንጀራውን ሳልቆርስ ነገርኩት። ለፖሊስ መናገሬን። አባባ መምህር እንዳልነበረ። አንተን አታልዬ አስፈርሜህ ነበር፣ ይቅር በለኝ፣ አልኩት። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ጋሽ ቢረሳው ጎመኑን በእንጀራ ጠቅልሎ እጁ ላይ ያዘው። አልጎረሰውም።

"አውቃለሁ" አለ።

ምን? አልኩት።

"ኂሩት፣ እዚያ ጣቢያ ውስጥ አራት ወር ታስሬያለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባትሽን አውቃቸዋለሁ።"

መታህ? ማለት ጀመርኩ፤ ቃሉን አልጨረስኩትም። እሱ ግን ገባው።

"አልመቱኝም። የሚመቱት ሌሎች ናቸው። በሩን የሚዘጉት እሳቸው ነበሩ።" ቆየና፣ "ምሳ ስታመጪ ድምፅሽን እሰማ ነበር። አባባ፣ ምሳ። ስድስት ሰዓት መሆኑን የምናውቀው ባንቺ ነበር።"

ያን ቀን የሰማሁት ያንተ ድምፅ ነበር ወይ? ይህን አልጠየቅኩትም። ፈራሁ። እስከምሞት አልጠይቀውም።

ታዲያ ለምን ፈረምክልኝ? አልኩት። ልጅ ምን ጥፋት አለበት፣ ለሳቸው አይደለም የፈረምኩት፣ ላንቺ ነው አለ። ፓስፖርትሽን ይቀሙሽ እንደሆነ አላውቅም፣ እኔንም ከጠየቁኝ የጻፍኩትን ጽፌያለሁ እላለሁ አለ። የያኔት ትምህርት ስንት ጊዜ ነው? አለኝ። ሁለት ዓመት። ምን ያስተምሯታል? ሕግ… ሰው አያያዝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ። የሳቸው ስንት ነበር? ሦስት ወር ሰልፍ፣ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ጉርሻውን ለኔ አጎረሰኝ። እንባዬ ይወርዳል፤ እያኘኩ።

ባቡር ላይ ሲያሳፍረኝ እንዲህ አለ፦ "ትግባ። ግን ንገሪያት። ሳታውቅ ያን ልብስ እንዳትለብስ።"

እሑድ፣ መጋቢት 7

ነገርኳት።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወጥ ቤት፣ ቆማ እንዳለች። ሰውዬው መምጣቱን፣ ካልሲውን፣ የተናገርኩትን። ጋሽ ቢረሳውን። በአማርኛ ጀምሬ በማልችለው ፈረንሳይኛ ጨረስኩት። አንዳችም ቃል እንዳያመልጣት ብዬ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከቸርነት ጋር በማዘጋጃ ቤት ሳንፈራረም ነው የወለድኳት፤ በወረቀት ላይ የያዘችው የኔን አባት ስም ነው። ያኔት አስፋ። ደረቷን በጣቷ ነካች።

"እዚህ ነው የሚጻፈው። አስፋ። ያ ሰው ነው?"

"ያ ሰው ነው።"

ጫማዋን አድርጋ ለሩጫ ወጣች። ሁለት ሰዓት ጠፋች። ዝናብ ነበር። ስትመለስ ሳታየኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

አምስት ቀን። ዳኮር እና ኖን ብቻ፤ እሺና አይ። ሳህኗን ራሷ ታጥባለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ዛሬ ነበር። ሸሚዟን ልተኩስላት ብዬ ስነሣ ራሷ ተኩሳ ለብሳለች። በር ላይ ዞር ብላ አየችኝና ወጣች። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ የማንን ስም የማን ልብስ ላይ እንደለጠፍኩ አላውቅም። ነገ ሽማግሌው ሁሉ የጎረቤቱን ሱሪ ይለብሳል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ከስምንት ቀን በኋላ።

ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጫማውን ያወለቀው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ምንም አልተናገረም። በመሐል ያለችው ሴት፣ አለቃቸው ሳትሆን አትቀርም፣ አያትሽ ምን ነበሩ? አለቻት። እንዳልኩት!

"ምን አልሽ?"

"ፖሊስ አልኩ። በር የሚዘጋ። ሰው ሲመቱ በር የሚዘጋ። መምህር መስሎኝ ነበር፣ ከስምንት ቀን በፊት እናቴ ነገረችኝ አልኩ።"

ሴትዮዋ ወረቀቱን ገለጠች። ከዚያ "አለቃሽ ምንም አልሰማሽም ቢልሽ ምን ትያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። የአባባን ቃል! ከኔ አፍ ወጥቶ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ለልጄ ደረሳት።

ምን መለስሽ? አልኳት። "ለሱ ሰምቻለሁ እለዋለሁ። ከዚያ ሄጄ እጽፋለሁ። ሥራዬን ባጣም፣ አልኩ።" ኮቷን አወለቀች። "ማማን፣ በጣም ፈርቼ ነበር። እግሬ እንዳንቺ ይንቀጠቀጥ ነበር።"

ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ፀጉሯን ዳበስኩ።

የኔ ወረቀትስ? ብዬ ጠየቅኳት በኋላ። ጫማውን ያወለቀው ሰውዬ ኮሪደር ላይ አግኝቷት፣ እኔ የማጣራው አንቺ ትዋሺ እንደሆነ ነው፣ የእናትሽ ወረቀት የኔ ሥራ አይደለም ብሏታል። የሌላ ሰው ሥራ ይሆን? አላውቅም። አላለም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ደብዳቤው መጣ። "ማድሞዋዜል አስፋ" ይላል ፖስታው። ሳልከፍተው ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ እየተያየን ዋልን።

ከፈተችው። አለፈች። መስከረም ትጀምራለች።

ስለቴን ማርያም እንዳትሰማኝ ሌላ ስለት መሳሌን ማን ያውቃል? የኔና የሷ ጉዳይ ነው። ጋሽ ቢረሳው ጋ ደወልኩ። "እሰይ" አለ። ከኋላው ትራም ሲያልፍ ሰማሁ። ስልኩን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ሦስተኛው ማሽን በመጨረሻ ተቀየረ። አዲሱ በሩን ራሱ ይከፍታል።

ያኔት የሥልጠና ልብሷን ተለክታ መጣች። ቁመት፣ ወገብ፣ የጫማ ቁጥር። የጫማ ቁጥሬን ጻፉ ስትል አባባ ትዝ አለኝ። አልደበቅኳትም፤ ነገርኳት። የአያቴስ ስንት ቁጥር ነበር? አለችኝ። አርባ ሦስት። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የስም መለጠፊያውን ግን ራሴ እሰፋልሻለሁ፣ የነሱ ስፌት በሦስተኛው እጥበት ይለቃል አልኳት። ሳቀች።

ፖስታ ሳጥን ስከፍት አሁንም አማትባለሁ። ከስደተኞች ቢሮ የመጣ ነገር እስካሁን የለም። ሰማያዊ መኪና ሲያልፍ አሁንም መጋረጃ ጋ እሄዳለሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። ያች ሴትዮ። ጉንፋኗ ለቋታል፤ ድምፅዋ የልጅ ነው። ለአንኬቱ ነው ማዳም፣ ከሦስት ወር በፊት ተነጋግረን ነበር፣ ሐሳብዎ ተለውጦ እንደሆነ…

የትኛው አንኬት? ብዬ አስቀድሜ ጠየቅኩ። ሶንዳዥ ነው አለች። እሺ አልኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ፖሊስን ምን ያህል ያምናሉ? ስድስት። አሰብኩና፣ አምስት ተኩል ይባላል? አልኳት። ግማሽ የለውም አለች። እንግዲያው አምስት። ሁለት ዓመት ሥልጠና ይበቃል? ምን እንደሚያስተምሩ ነው፣ አልኩ፤ ሦስት ወር ግን አይበቃም። ሲያጠፉ ይቀጣሉ? አላውቅም፣ የሚጽፍ ሰው ካለ። ልጅዎ ፖሊስ ብትገባ ምን ይሰማዎታል? ፍርሃት። ሌላስ? ሌላም አለ፣ ቃሉን በፈረንሳይኛ አላውቀውም።

ከቤተሰብዎ ፖሊስ የሆነ ሰው አለ?

"ሁለት" አልኳት።

መጻፊያው ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ከዚያ ቆመ። ይቅርታ ማዳም፣ ባለፈው ማንም የለም ነው ያሉኝ፣ ኖሮም አያውቅም፣ አለች።

"ያኔ ፈርቼ ነው" አልኳት። "አሁንም እፈራለሁ። እርስዎ ግን ሁለት ብለው ይጻፉ።"